ወንዙን ያልተሻገሩት

እኛ ቤት አንድ ፊልም አለ። ካሴቱ የለንም፣ ሲዲውም የለንም። አባቴና እናቴ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያልቅ። ስሙን እንኳ አያውቁትም። ሆኖም "ፊልማችን" ይሉታል። እኔም ከማንኛውም ተረት በፊት የሰማሁት ታሪክ እሱ ነው።

አባቴ የሰሜን ሰው ነው። ወደ ነገሌ የመጣው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ነው። እናቴ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የቦረና ልጅ ናት። ያን ጊዜ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ መስኮቶቹን በጆንያ ይሸፍኑና ጄኔሬተራቸውን ውጭ አስነስተው፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊልም ያሳያሉ። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ አባቴን እንዲተረጉም ለመኑት። እሱም የሰሌዳ መጠቆሚያውን እንደያዘ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ ይናገራል። ከገጠር ለገበያ የመጡት ግን አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ከሴቶቹ አግዳሚ ወንበር አንዲት ልጅ ትነሳና የሱን አማርኛ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰዋለች። ያቺ ልጅ እናቴ ናት። ዛሬም አባቴን "ቲቸር" ብላ ነው የምትጠራው።

ፊልሙ ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበር። አንዲት የከተማ ሴት እጮኛዋ ወደሚሠራበት የማዕድን ማውጫ ሰፈር ለመድረስ መንገድ መሪ ትቀጥራለች። መንገዱ ሰው በማይኖርበት ጫካና ተራራ ውስጥ ያልፋል። መንገድ መሪው ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ አይስማሙም፤ እሷ ትቸኩላለች፣ እሱ ዱካ ባየ ቁጥር ይቆማል። ቆይተው ግን ይለማመዳሉ። ወደ ሰፈሩ እየቀረቡ ሲመጡ ደግሞ የምትቆመው እሷ ትሆናለች። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፦ "እግሯ ከበደ። መድረስ ያልፈለገ ሰው እግሩ ይከብደዋል።" በመጨረሻ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ከማዶ የሰፈሩ ጭስ ይታያል። ሴትዮዋ ጭሱን አይታ ወደ መንገድ መሪው ስትዞር ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ።

ነዳጅ አልቆ ነበር። ካሴቱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ሞያሌ መመለስ ነበረበት። ሰው ግን በጨለማው ውስጥ አልነሳም አለ።

"ተሻገሩ ወይስ አልተሻገሩም?"

"ቲቸር፣ አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ መጨረሻውን ታውቀዋለህ!"

"ካልነገራችሁን እዚሁ ነው የምናድረው። ፍየሎቼንም አስገባለሁ!"

አባቴ መጨረሻውን አያውቅም። ግን ተናገረ። "አልተሻገሩም" አለ። "ጭሱን አየችና ጀርባዋን ሰጠችው። ከወንዙ ወዲህ ቤት ሠሩ፣ እዚያው ኖሩ።"

እናቴ ይህን ወደ ኦሮምኛ ልትመልስ ስትጀምር ከኋላ አንድ ሰው አቋረጣት፦ "ወንዙ የማነው? ማንን ጠይቀው ነው ቤት የሚሠሩት?" እሷም እውነት መሰላት። ባለቤት የሌለው ውኃ የት አለ? ስለዚህ ከራሷ አንድ ሽማግሌ ጨመረች። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው መጡ፣ ናጋ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ውኃ የሚቀዱበትን ተራ ነገሯቸው፣ አንዲት ጊደርም ሰጧቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ ያኔ ኦሮምኛው ከአካም ሰላምታ የማያልፍ ስለነበር ያጨበጨቡለት ለሱ መሰለው። ሽማግሌው መኖራቸውን የሰማው እናቴን ካገባ በኋላ ነው።

"ሽማግሌውን ማን ጠራቸው?" ይላል እስከ ዛሬ።

"እኔ። ያለ እሳቸው በጥም ያልቁልህ ነበር" ትላለች።

የዚያን ቀን ቪዲዮ ቤት የነበሩ ሰዎች አባቴን ገበያ ላይ ሲያገኙት "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ይሉታል። ስለኔ የሚጠይቁት እየመሰለኝ ነው ያደግኩት። የሚጠይቁት ግን ወንዝ ዳር ስለቀሩት ሁለቱ ነበር።

አባቴ አንድ ወንድም አለው። የሚኖረው አባቴ በተወለደበት አገር ነው። እሁድ እሁድ በስልክ ያወሩ ነበር። ወሬያቸው ጭቅጭቅ ነው፤ በልጅነታቸው ማን የማንን በግ እንዳጠፋ፣ ማን ቀድሞ ዋና እንደተማረ። የሰሜኑ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ የአጎቴም ድምፅ አብሮ ጠፋ። በኋላ ለብዙ ሰው ስልኩ ተከፈተ፣ የአጎቴ ቁጥር ግን አልተከፈተም። ማንን ብንጠይቅ ያየም የሰማም የለም። አባቴ ማታ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ትልቅ ኩይሳ ይሄዳል። ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። ከኩይሳው ሥር ቆሞ ይደውልና ይመለሳል።

"እንደ ትናንቱ ነው" ይላል። ሌላ አይጨምርም። እናቴም አትጠይቀውም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመከረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ስልክሽን አትዝጊ።"

እኔ ሰው ደስ ሲለው ማየት የምወድ ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አወጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሳልታዘዝ ውኃ አቀርባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንተርኔት እንደልቤ ሳገኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ፊልም ፈልጌ ለወላጆቼ መውሰድ ነው። ስሙን ስለማላውቅ ታሪኩን ጽፌ ነበር የምፈልገው። ብዙ ማምሻዎችን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር አሮጌ ፊልሞችን እየከፈትኩ አሳለፍኩ። በመጨረሻ አገኘሁት። ማንም ያስታወሰው ፊልም አይመስልም፤ ከሥሩ አንድ አስተያየት እንኳ አልተጻፈም። ሴትዮዋ ጫካው ውስጥ ስትወድቅና መንገድ መሪው ሳያነሳት ቆሞ ሲጠብቃት ሳይ ግን ወዲያው አወቅኩት። እናቴ ይህን ቦታ በእጇ እያሳየች ነው የምትተርከው።

መጨረሻውን ብቻዬን አየሁት። ይሻገራሉ። መንገድ መሪው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ከፊት ይገባል፣ እሷን ማዶ ያደርሳታል፣ እሱን ወንዙ ይወስደዋል። ሴትዮዋ ወደ ጭሱ ብቻዋን ትሄዳለች። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ፊልሙን ጄኔሬተሩ ከጠፋበት ቦታ ላይ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አባቴና እናቴ እንደ ድሮው በሁለት ቋንቋ ይናገሩታል። የድሮዎቹን ተመልካቾችም እጠራለሁ። ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም ብዬ አመንኩ።

የሴሚስተሩ እረፍት ሲመጣ መምጣቴን ለቤት አልነገርኩም። አውቶቡሱ ከቦሬ ጉም ወጥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ ፊልሙን የገለበጥኩባትን ፍላሽ በእጄ ጨብጫት ነበር። ነገሌ ስደርስ መሽቷል። ቤት ሳልገባ ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ አደርኩ። እትዬ የዚያን ቀን ቪዲዮ ቤት ከነበሩት አንዷ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። በዚያ ሰሞን መብራት ሌሊት እየመጣ ረፋድ ላይ ይሄድ ስለነበር ማየት የምንችለው በማለዳ ብቻ ነው።

"ከኪዳን ስመለስ እንገባለን" አሉ። "ሁለቱን ጓደኞቼንም ይዣቸው እመጣለሁ። እነሱም ነበሩ።"

ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለጋሼም አስነገርን። አሁን አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ጎህ ሲቀድ እትዬ ቤት በር ላይ ተሰባሰብን። እትዬና ጓደኞቻቸው ነጫጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው። መንገድ ላይ ሳቁ አላባራ አለ።

"ዛሬማ ወልደው ነው የምናገኛቸው" አሉ እትዬ።

"ጊደሯስ? እስካሁን መንጋ ሆናለች" አሉ ጋሼ።

እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው። "እባካችሁ አትሳቁ፣ አባዬ ይሰማል። ድንገት እንዲሆንበት ነው የፈለግኩት። በሩን እስኪከፍት ምንም አትናገሩ።" ታላላቆቼ ናቸው፤ ግን ታዘዙልኝ። እትዬ ሳቃቸውን ለመያዝ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። እንዲህ ሆነን ግቢያችን ገባን።

እናቴ ፍየል እያለበች ነበር። "ናጋ?" አለች። "ናጋ" አሉ ጋሼ። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም እንድትል ለመንኳት። በሩ ተከፈተ።

አባቴ ጋቢውን እንደደረበ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ዓይኑ ከእትዬ ነጠላ ወደ ጋሼ ከዘራ ሄደ፣ ከዚያ እኔ ላይ አረፈ። ፊቱ ላይ ደስታ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በቀስታ "አንቺን ማን ጠርቶሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ።

አልገባኝም። የታመመ መሰለኝ። ላረጋጋው ብዬ "ሰላም ነው አባዬ። ናጋ ነው፣ ናጋ" አልኩ።

ምነው ይህን ቃል ባልተናገርኩ። በእናቴ ወገን ማንኛውም ወሬ በናጋ ይጀምራል። ሰው ሞቶም ቢሆን መልእክተኛው መጀመሪያ ናጋ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ወተት ይቀርብለታል፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አባቴ ከነሱ ጋር ስንት ዘመን ኖሮ ይህን ያውቃል። በሱ ወገን ደግሞ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ጎረቤት ነጠላውን ለብሶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል፤ ሩቅ ያለ ልጅም ካለ ቀድሞ ይጠራል። እኔ አንዱንም ሳላጎድል የሁለቱንም ወገን ልማድ አምጥቼ ደጁ ላይ አቁሜአለሁ።

"ወንድሜን" አለ አባቴ።

ደፉ ላይ ተቀምጦ ደረቱን መታ። "ወንድሜን! ሳላይህ? ድምፅህን ሳልሰማ?" አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ፍላሿን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ቀድመው የነቁት እትዬ ናቸው።

"ኧረ አይደለም! ኧረ በስመአብ! አንተ ሰውዬ፣ ፊልም ነው!"

"የምን ፊልም?"

"የወንዙ! በጋሼ ቪዲዮ ቤት ያየነው!"

አባቴ አያቸው። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲያናግሩት እንደሚያይ ነበር ያየው። እናቴ የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። "ማንም አልሞተም ቲቸር። ልጅህ ፊልማችንን አምጥታ ነው።"

"አማትብ" አሉ እትዬ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። "በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፣ ሟርት ነው። ቶሎ አማትብ።" አማተበ። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ተነሳና "እንግዳ በር ላይ አይቆምም፤ ግቡ" አለ።

ፊልሙን አየን። ያን ጠዋት መቅረት ነበረበት፤ ግን ማናችንም እንተወው ለማለት አልደፈርንም። አባቴ ተርጉም ሲሉት እንደ ታዘዘ ተማሪ ተነስቶ ተረጎመ። ድምፁ ሻክሮ ነበር። እናቴም ተከተለችው፤ ጋሼ ሁለቱንም ቋንቋ ቢሰሙም "የሷ ይሻለኛል" ብለው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ወንዙ ጋ ስንደርስ አቆምኩት።

አባቴ ዞር አለ። "ቀሪ አለው?"

ልዋሸው አልቻልኩም። "አለው።"

"አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

ፊቴን አየ። አስተማሪ ነው፤ ፊት ያነባል። እናቴ በኦሮምኛ "ዲሲ፣ ተወው" አለችው። "የለም፣ ይታይ" አለ። "ዛሬ የመጣ ይምጣ።"

መንገድ መሪው ገመዱን አሰረ፣ ገባ፣ አሻገራት፣ ውኃው ወሰደው። አባቴ መተርጎሙን አቁሞ ነበር። እናቴ ብቻዋን ቀጠለች፦

"ወደ ታች እየዋኘ ነው። ከታች በኩል ይወጣል።"

"መቼ ወጣ?" አሉ ጋሼ። "እኔ አላየሁም።"

"ካሜራው እዚያ ድረስ አይደርስም።"

"ሽማግሌውስ የት አሉ? ጊደሯስ?"

"እዚያው ታች ናቸው። እየጠበቁት ነው።"

እትዬ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ፤ ግን ፈገግታው ለእንግዶቹ ነበር። መብራቱ ሲሄድ ሁሉም እየመረቁኝ ወጡ።

ይቅርታ ሳልጠይቅ እረፍቴ አለቀ። በየቀኑ ልጠይቀው አስብና እሱ ስለ ትምህርቴ ሲያነሳ እንደ ጨዋ ልጅ መልስ እሰጣለሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ እናቴ በስልክ አንድ ነገር ነገረችኝ። ቅሬታ አልነበረባትም፤ ስለ ዝናብና ስለ ፍየሎቹ ስታወራ በመሃል ነው ያነሳችው።

"ቲቸር ኩይሳው ጋ መሄድ ትቷል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እናንተ ከመጣችሁ ጀምሮ።"

ከዚያ ወዲህ ማንበብ አቃተኝ። የማልቀስ ጊዜው ሳይደርስ አስለቅሼዋለሁ፤ የመጠበቂያ ቦታውንም ወስጄበታለሁ። የአጎቴን ቁጥር አውጥቼ ከዶርም ጀርባ ቆሜ ራሴ መደወል ጀመርኩ። አይሠራም። ቢሠራም ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ለፋሲካ ስመለስ ቀድሜ ደውዬ ቀኑንም ሰዓቱንም ተናገርኩ። ቤት የገባሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። በበዓሉ ማግስት፣ ማታ ገና ብርሃን ሳለ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ከውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ አጠገቡ ባቄላ ትለቅማለች። የመጀመሪያውን ቃል ካወጣሁ ቀሪው ይመጣል ብዬ "አባዬ፣ ለዚያ ጠዋት ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

"አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"መደወል ትተሃል።"

ባቄላው ሰፌዱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

"በአንቺ አይደለም" አለ። "በሩን ከፍቼ ሳያችሁ ሞተ ብዬ አመንኩ። ታዲያ ከማልቀሴ በፊት አንድ ነገር ቀለለኝ። በልቤ 'ተገላገልኩ፣ ዛሬ ማታ አልደውልም' አልኩ። ስለ ገዛ ወንድሜ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት አፈርኩ። ድንገት ሃሎ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ስትሞት ቀለለኝ እለዋለሁ?"

ለጥያቄ ሁሉ እጄን የማወጣው እኔ ባቄላውን አይ ነበር። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ገብታ ስልኩን አመጣች፣ ቁጥሩን ነክታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የምናውቃት ሴት ተናገረች፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም፣ እባክዎን ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።

"ሰማህ ቲቸር? ቆይታችሁ ሞክሩ ነው የምትለው። ለሞተ ሰው ቆይታችሁ ሞክሩ ይባላል?"

"ማሽን ናት እኮ።"

"ለማሽኗም የነገራት ሰው አለ።"

አባቴ ሳቀ። ሳቁ አጭር ናት፤ ግን የራሱ ናት። "ይኼም ያንቺ ትርጉም ነው" አላት።

"ሰውየውን ከወንዝ አውጥቼልሃለሁ፤ ይኼ ምን አለው?"

ስልኩን ከእጇ ተቀበለ። ትንሽ ጉልበቱ ላይ አቆየው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን "እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው" ብሎ ተነሳና ከቤቱ ጀርባ ዞረ። እኔና እናቴ ባቄላውን መልቀም ቀጠልን። ከኩይሳው በኩል ምንም አይሰማም ነበር። ሲመለስ ስልኩን ኪሱ ከቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

"እንደ ትናንቱ ነው" አለ።

ትናንት አልደወለም ነበር። እናቴም እኔም አላረምነውም።